ሃይማኖት የለኝም የሚለው ዘመዴ እንዴት አይሁዳዊ ይሆናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር መሆኔ ስለታወቀ ይመስለኛል፣ አንባቢዎች ከባልና ሚስት ጠብ ይልቅ የዘር ሐረግና የሃይማኖት ጥያቄ ይልኩልኛል። በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ፤ ሦስቱም ከሐዋሳ ነው የመጡት። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ብቆርጠው ጣዕሙ ይሄዳል ብዬ እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባቴ በወጣትነቱ ከጎንደር መጥቶ እዚሁ ፋብሪካ ውስጥ በብየዳ ሥራ ኖሮ፣ እዚሁ አግብቶ ወልዶ፣ ነፍሱን ይማረውና ገብርኤል ነው የተቀበረው። እናቴ የወላይታ ልጅ ናት። አባታችን ጎንደሬ መሆኑን እንጂ ስለ ዘመዶቹ ሲያወራ ሰምተን አናውቅም። ስለ እናቱ ስንጠይቀው ‹ሸክላ ይሠሩ ነበር› ይልና ወሬ ይቀይራል።

አምና ክረምት ላይ አንድ ሰው በስልክ አፈላልጎ አገኘን። የአባታችሁ የአክስቱ የልጅ ልጅ ነኝ አለ። በ1983 በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በአውሮፕላን እስራኤል የገባ ነው፤ አሁን ሬሖቮት በምትባል ከተማ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። አማርኛው ሰበር ሰበር ይላል፣ ሰላምታ ሲሰጥ ግን እንደ ድሮ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው። የአባታችን እናት ቤተ እስራኤል እንደነበሩ፣ ክርስትና የተነሡትም ወንድ አያታችንን ሲያገቡ መሆኑን የነገረን እሱ ነው።

ሐዋሳ ሊጠይቀን ሲመጣ አሞራ ገደል ወስደን ዓሣ ጋበዝነው። የቆሮሶ ጥብስና የአምባዛ ጉላሽ ቀረበ። ቆሮሶውን አጥንቱ እስኪቀር ጠረገው፣ አምባዛውን ግን አልነካም። ‹ቅርፊት የለውም፣ እኛ አንበላም› አለ። ባለቤቴ ‹ታዲያ ሃይማኖትህን አጥባቂ ነህ ማለት ነው› ሲለው ሳቀና ‹እኔ? እኔ እግዚአብሔር አለ ብዬ አላምንም። ምኩራብም የምገባው ሰው ሲዳር ነው› አለ። ‹ታዲያ ምንድን ነህ?› ‹አይሁዳዊ ነኛ!› ባለቤቴ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ስለነበረ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያበሳጨዋል። ‹ያላመነ ሰው በምን አይሁዳዊ ይሆናል? ከሐዲ በለው እንጂ› ይላል።

እኔን ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። እኔስ ምንድን ነኝ? እስራኤል የመሄድ ሐሳብ የለኝም፤ ሥራዬም ትዳሬም እዚህ ነው። ለልጆቼ ግን ልንገራቸው ወይስ አባቴ እንዳደረገው ዝም ልበል? ባለቤቴ ‹ትምህርት ቤት ቢያወሩት ቡዳ ይሏቸዋል› ብሎ ይፈራል።
የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ»

መልስ፦

እህቴ፣ ከዓሣው ልጀምር። ዘመድሽ የጠቀሰው ሕግ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ አለ፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ አይበላም ይላል። ይህንኑ ይዘው አምባዛ የማይቀምሱ ክርስቲያኖች በእኛም አገር አሉ፤ ባለቤትሽ ቢጠያይቅ ከራሱ ወገን አንድ አያት አያጣም። አንቺን የገረመሽ ግን ሕጉን ሰጠ የሚባለውን አምላክ የካደ ሰው ሕጉን መጠበቁ ነው። እኔ ሕጉን ጠበቀ አልልም። እናቱ አምባዛ ሠርታ አታውቅም፤ እሱም በልቶት አያውቅም፣ ሆዱ እምቢ አለው። እዚሁ ሐዋሳ ከተጠመቀ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልረገጠ፣ ጾም የማያውቅ ሰው ታውቂ ይሆናል። ሙስሊም ያረደውን ሥጋ አቅርቢለትና ተመልከቺው፤ ከገበታው ይነሣል። መስጊድ ከገባ ዓመታት ያለፉት ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይነካም። ሁለቱንም ከማዕድ ያስነሣቸው እምነት ነው ካልሽኝ አልስማማም። የማን ልጅ መሆናቸው ነው።

በአይሁዶች ዘንድ ይህ ነገር በግልጽ ወጥቶ፣ ስም ተሰጥቶት፣ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ክርክር ተካሂዶበታል። ሕዝብነቱና ሃይማኖቱ ድሮ አንድ ላይ የተፈተለ ነበር፤ ከእምነቱ የወጣ የሚገባበት ሌላ ቤት ክርስትና ወይም እስልምና ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1656 የአምስተርዳም የአይሁድ ማኅበር ባሩክ ስፒኖዛ የተባለውን የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት በአስተሳሰቡ የተነሣ አውግዞ አባረረው። ስፒኖዛ ግን አልተጠመቀም፤ ከሁለቱም ውጭ ሆኖ ኖረ። ከእሱ በኋላ በመጡት ዘመናት እንዲህ ያለው ሰው እየበዛ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1897 በቪልና ቡንድ የሚባለው የአይሁድ ሠራተኞች ፓርቲ ሲቋቋም፣ በዚያው ዓመት በባዝል የመጀመሪያው የጽዮናውያን ጉባኤ ተካሄደ። አንዱ ባለንበት አገር በይዲሽ ቋንቋችን እንኑር ይላል፣ ሌላው ወደ ጽዮን እንሂድ ይላል። በሁለቱም ወገን መሪ ከነበሩት ውስጥ ሰንበት የማያከብሩት ብዙ ነበሩ። ግን አይሁዳዊነታቸውን የተጠራጠረ የለም፤ የሚጠሏቸውም ጭምር አልተጠራጠሩም። ናዚ ሲመጣ ደግሞ ማን ይጸልያል ማን አይጸልይም ብሎ አልጠየቀም፤ አያቶቻቸውን ነው የቆጠረው።

ዛሬ እስራኤል ውስጥ «ሒሎኒ» ይባላሉ፣ ሃይማኖተኛ ያልሆኑ ማለት ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 ባደረገው ጥናት ከእስራኤል አይሁዶች ከመቶ 49 የሚሆኑት ራሳቸውን እንዲህ ብለው ጠርተዋል። አኗኗራቸው ግን ባለቤትሽ እንደሚያስበው ከሃይማኖቱ የተቆረጠ አይደለም። አርብ ማታ ቤተሰቡ አንድ ገበታ ላይ ይሰበሰባል። በፋሲካ ሌሊት የማያምነውም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ ከግብፅ የወጣንበትን ታሪክ ያነባል። በዮም ኪፑር፣ ቤተ እስራኤሎች አስተሰርዮ በሚሉት የጾም ቀን፣ አውራ ጎዳናው ላይ መኪና አይታይም፤ የማይጾሙት ቤተሰቦች ልጆች ባዶውን አስፋልት በብስክሌት ይሞሉታል። ጾሙን የሚያከብሩትም የሚጋልቡትም በዓሉን እየዋሉ ነው። መንግሥቱም ቢሆን ለማያምነው አልተመቸለትም። ጋብቻ የሚፈጸመው በሃይማኖት ተቋም ብቻ ስለሆነ፣ ረቢ አያጋባኝም ያለ ጥንድ ቆጵሮስ ተሻግሮ ተጋብቶ ይመለሳል።

አሜሪካ ያሉት ደግሞ ሌላ መልክ አላቸው። ይኸው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 ጠይቋቸው ከመቶ 22 የሚሆኑት ሃይማኖት የለንም፣ አይሁድ ግን ነን ብለዋል። ለአይሁዳዊነትህ ዋናው ምንድን ነው ሲባሉ ከመቶ 73ቱ በናዚ የተፈጀውን ሕዝብ ማስታወስ አሉ፤ ከመቶ 42ቱ ቀልድ ማወቅ አሉ፤ የሃይማኖቱን ሕግ መጠበቅ ያሉት ከመቶ 19 ብቻ ናቸው። ቀልድ ከሕጉ በላይ ድምፅ ሲያገኝ እኔም ስቄያለሁ።

እንግዲህ ዘመድሽ ትክክል ነው። የሚያስደንቀው ሌላው ጎን ነው፤ አንቺንም የሚመለከትሽ እሱ ነው። አይሁዳዊ ባያምን አይሁዳዊነቱ አይቀርም፤ ሃይማኖት ቢቀይር ግን ነገሩ ይለወጣል።

ኦስቫልድ ሩፋይዘን የሚባል የፖላንድ አይሁዳዊ ነበር። በናዚ ዘመን ማንነቱን ደብቆ ሚር በምትባል ከተማ ለፖሊስ አስተርጓሚ ሆኖ እየሠራ፣ ሊፈጁ የነበሩትን አይሁዶች አስቀድሞ እያስጠነቀቀ ብዙ ሰው አተረፈ። ሲነቃበት ገዳም ውስጥ ተደበቀ፣ እዚያም ክርስቲያን ሆነ፤ ኋላ የካቶሊክ መነኩሴ ሆኖ አባ ዳንኤል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሐይፋ ሄዶ «አይሁዳዊ ስለሆንኩ በመመለስ ሕግ ዜግነት ይገባኛል» አለ፤ የመመለስ ሕግ አይሁዳዊ ሁሉ እስራኤል ገብቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው ሕግ ነው። እናቱም አባቱም አይሁድ ናቸው፤ ሕይወቱን ለአይሁዶች አሲዟል። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1962 አይሆንም ተባለ። ዳኞቹ የተራው ሰው አነጋገር ላይ ተደግፈው፣ የተጠመቀን ሰው ሕዝቡ አይሁዳዊ ብሎ አይጠራውም አሉ። ዜግነቱን ያገኘው እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው በማመልከቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተሻሻለው ሕግም ይህንኑ አጸናው፤ አይሁዳዊ ማለት ከአይሁዳዊት እናት የተወለደ ወይም ወደ ይሁዲነት የገባ፣ የሌላ ሃይማኖት አባል ያልሆነ ሰው ነው አለ።

አሁን ይህን መለኪያ አንቺ ላይ ብናስቀምጠው የረቢዎቹ ሕግ የሚቆጥረው በእናት ነው፤ እናትሽ ወላይታ ስለሆነች በዚያ በኩል የለሽበትም። የመመለስ ሕግ ለልጅ ልጅም በር ይከፍታል፤ ነገር ግን ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ክርስትና ለተነሡ የቤተ እስራኤል ተወላጆች መንግሥት በሌላ መንገድ ነው የሄደው። ዘመድ ያላቸውን በየጊዜው በሚወጣ ውሳኔ፣ በመግቢያ ፈቃድ ሕግ እያስገባ፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ ወደ ይሁዲነት እንዲመለሱ ያደርጋል። የመሄድ ሐሳብ የለኝም ስላልሽ ይህን አላረዝመውም። «ስምሽን ዝርዝር ውስጥ አስገባለሁ» እያለ ብር የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ ግን ሻይ እንኳ አትጋብዢው።

ስለዚህ አይሁዳዊት ነኝ ብትዪ ከረቢው ጀምሮ የሚከራከርሽ ብዙ ነው፤ የምትኖሪውም በሌላ እምነት ነው። ከአይሁድ ቤት የወጣሁ ነኝ ብትዪ ማንም አይከለክልሽም። እኔ ሁለተኛውን እመርጥልሻለሁ፤ እውነቱ እሱ ነውና። በዚህ ከተማ ከባጃጁ መስታወት እስከ አንገት ሐብል የዳዊት ኮከብ ሞልቷል፤ የአያትሽ ነገር እንደዚያ የሚለጠፍ ጌጥ እንዲሆን አልመኝልሽም።

ወደ ልጆችሽ ልምጣ። ንገሪያቸው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳሽ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ጀማሪ መምህር ሆኜ ደምቢያ ተመድቤ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በታች የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ የወናፍና የመዶሻ ድምፅ እየሰማን እናስተምራለን፤ አርብ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ይቆማል። በሰንበት እሳት ስለማይነድ ምግቡ ሁሉ አርብ ተሠርቶ ያድራል፣ ቅዳሜ ከየጎጆው ጭስ አይወጣም። ቅዳሜ ገበያ ሲሆን ሸክላ ተራው ባዶ ነው። አንጥረኛው ዓርብ ጠዋት ማረሻ ሞርዶ የሰጠው ገበሬ፣ ማታ ልጁ ሆዱን ሲቆርጠው «የዚያ ጅብ ዓይን ነው» ይላል። ሚስቱም ከሸክላ ሠሪዋ በገዛችው ምጣድ እንጀራ ጋግራ እየበላች፣ ሸክላ ሠሪዋን ግን ከቤቷ አታስገባም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እነሱም በበኩላቸው ከእኛ ይርቁ ነበር፤ የውጭ ሰው የነካው ታጥቦ ነው ወደ ቤቱ የሚገባ፣ «አትንኩኝ» የሚባለው ሥርዓት። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጠው ይማራሉ፣ ምሳቸውን ግን ለብቻቸው ዞር ብለው ይበላሉ።

ባለቤትሽ የሚፈራው ስም ከዚህ የመጣ ነው። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል፤ ቤተ እስራኤሎች ርስት ስለተነፈጉ ብረትና ሸክላ ላይ ወደቁ፤ ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ደግሞ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ክርስትና የተነሡትም ብዙዎቹ ከዚሁ ለመውጣት ነው፤ አንዱ ለርስት፣ አንዱ ለጋብቻ፣ ከ1880 እስከ 1884 በነበረው ክፉ ቀን ደግሞ ለጉርሻ። ከዚያ በፊትም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የውጭ ሚስዮናውያን መካከላቸው ገብተው ነበር፤ ንጉሡ ስብከቱን የፈቀዱት የሚያምኑት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ነው። ተጠምቀውም ስሙ አልለቀቃቸውም። አባትሽ ወሬ የሚቀይረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ «ብየዳ ሠራተኛ» ሲባል ማንም አንጥረኛ ነህ ብሎ አልሰደበውም። ዝምታው ጠቅሞታል። ልጆችሽ ግን በስልካቸው የሚያነቡ ልጆች ናቸው። «ቡዳ» የሚለውን ቃል ከነምክንያቱ አስቀድመው ከእናታቸው ቢሰሙት ሜዳ ላይ ሲወረወርባቸው ባዶ እጃቸውን አይሆኑም። ቅድመ አያታቸው ያገሩን ምጣድ የሠሩ ሴት መሆናቸውንም አብረሽ ንገሪያቸው።

ከዘመድሽ ጋር ያለውን ነገር አትልቀቂው። እሱ አማኝ ባይሆንም ከወገኑ ጋር የሚያስተሳስሩት ክሮች የምታውቂያቸው ናቸው። በግንቦት 1983 ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከአዲስ አበባ 14 ሺህ ያህል ሰው ሲጫን፣ በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ሲታጨቅ፣ እሱ በእናቱ ጀርባ ነበር። ዛሬ እዚያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ተወላጅ አለ፤ ለቅሶ ይደራረሳሉ፣ ቡና ይጠራራሉ፣ ዕቁብ ይጥላሉ። ያስተሳሰራቸው መልካሙ ብቻ እንዳይመስልሽ። ቀድመው የሄዱትን ረቢዎቹ አይሁዳዊነታቸውን ተጠራጥረው የመንጻት ጥምቀት ካልፈጸማችሁ አናጋባችሁም ብለዋቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃውመዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በሽታ ይኖረዋል ተብሎ ሲደፋ እንደኖረ ተሰምቶ፣ ሺዎች ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጡ። ሰልፉ ላይ የሚጸልየውም የማይጸልየውም ነበር። አንድ ወጣት ፈጣሪን ክዶ ምኩራብ ላይሄድ ይችላል፤ ደምህን ደፋነው ሲባል ግን ከማን ወገን እንደሆነ አይጠፋውም።

አንድ ሥራ ልስጥሽ። ዘመድሽን አርብ ማታ ደውዪለት፤ እናቱ በሕይወት ካሉ እሳቸውን አቅርብልኝ በዪው። የአያትሽን ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ያስቆጥሩሽ፤ ለጋብቻ ሲሉ ሰባት ቤት መቁጠር እነሱም ዘንድ ያለ ነውና እናትዬው በቃላቸው ይዘውት ይሆናል። የመንደሩን ስም፣ የወንዙን ስም፣ ሸክላው የሚወጣበትን ጉድጓድ ሳይቀር ጠይቂ። በደብተር ጻፊው። አሮጊቶቹ ሲያልፉ ይህ ሁሉ አብሮ ያልፋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ከዕብራይስጥ በቀር ብዙም አይናገሩም።

ለባለቤትሽ ደግሞ፣ ከሐዲ የሚለው ቃል ከእምነት ለወጣ ሰው ይሆናል። ሰውየው ግን ባሕር አቋርጦ የአያቱን እኅት ዘር ፍለጋ ሐዋሳ ድረስ መጥቷል። ሲመለስ ቆሮሶ ጋብዙት።

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ሲዳማ ነኝ። ያደግሁት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። ማመን አቅቶኝ ካቆምኩ ወዲህ ግን እሑድ የምውልበት አጣሁ። ጓደኞቼ አልጠሉኝም፣ ግን ያለ መዝሙር ጥናት የምንገናኝበት ምክንያት የለም። አይሁዶች ሃይማኖታቸውን ትተው ማኅበራቸውን እንዳልተዉ አንብቤ ቀናሁባቸው። እኛስ ለምን አንችልም?»

መልስ፦

ልጄ፣ ቅናትህ ይገባኛል፤ ግን እነሱም በቀላሉ አላገኙትም። የሄዱበትን መንገድ ልንገርህ። ኪቡትዝ የሚባሉት የእስራኤል የጋራ እርሻ መንደሮች ገበሬዎች፣ አብዛኞቹ ሶሻሊስቶች፣ የፋሲካውን መጽሐፍ ራሳቸው እንደገና እየጻፉ የፈጣሪን ተአምር ቀንሰው የአዝመራና የነጻነት በዓል አደረጉት። አሜሪካ ውስጥ መርዶካይ ካፕላን የሚባል ረቢ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ይሁዲነት ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን ቋንቋውም ዜማውም ምግቡም የተካተተበት ሥልጣኔ ነው እያለ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ሸርዊን ዋይን የተባለ ረቢ ዲትሮይት አጠገብ ምኩራብ አቋቁሞ ከጸሎቱ ውስጥ እግዚአብሔር የሚለውን ስም አወጣ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ብዙ ሕዝብ ግን አልተከተለውም። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አሐድ ሃዓም በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ራሱ እንደ አባቶቹ አያምንም፣ ሰንበት ግን ሕዝቡን ያቆየ ነገር ነው ብሎ ይከራከር ነበር። እኔ ከሁሉም እሱን እሰማዋለሁ። እምነቱን ሲያጡ ቀኑን ያልጣሉት ናቸው አብረው የቆዩት። ሁለቱንም ከጣሉት ግን የብዙዎቹ ልጆች ወይ ተመልሰው ሃይማኖተኛ ሆነዋል፣ ወይ ከሌላው ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው ጠፍተዋል።

አንተ ከቤተ ክርስቲያንህ ማኅበሩን ነጥለህ ልታወጣ አትችልም፤ እሱ በእምነት የተሰበሰበ ነው፣ እምነቱ ከሌለ የሚቀር ዘር ወይም ቋንቋ የለውም። ይህን ስልህ ደስ እንደማይልህ አውቃለሁ። ግን ሌላ የያዝከው አለ፣ ሲዳማ ነህ። ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ የሚወጣውን ሕዝብ ተመልከት፤ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩ፣ ሙስሊሙ፣ የአባቶቹን እምነት የያዘው አንድ ላይ ይጨፍራል። ቀኑን የሚቆርጡት ኮከብ ቆጣሪዎቹ አያንቶዎች ናቸው፤ የማን እምነት ምንድን ነው ብለው አይጠይቁም። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር የገባው የአንድ ሃይማኖት ንብረት ሆኖ አይደለም። አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲነቅፉት ሰምተህ ይሆናል፤ ሲነቅፉትም ልጆቻቸው ከሜዳው አልቀሩም። አያትህ ዋዜማውን ቡርሳሜ ሠርተው ቤተሰቡን ሲሰበስቡ ሄደህ ከገበታው ተቀመጥ። ጥያቄ ካለህ የአያትህን ወንድሞች ጠይቅ፣ በሲዳምኛ ጠይቅ። እሑድ የመዝሙሩ ናፍቆት ሲይዝህ ደግሞ የምትዘምርበት ሌላ ቦታ ፈልግ፤ የሙዚቃ ቡድን የሌለው ዩኒቨርሲቲ አላውቅም። ጓደኞችህንም እስኪጠሩህ አትጠብቅ፤ ከጥናት ሲወጡ ሐይቁ ዳር ቡና ጋብዛቸው።

ጥያቄ፦

«ሰግድ የሚባለው የቤተ እስራኤል በዓል መቼ ነው የሚውለው? ጎንደር ሄጄ ለማየት አስቤያለሁ፤ ያላመነ ሰው ይፈቀድለታል?»
አስጎብኚ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ሰግድ ከአስተሰርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ነው፤ በዕብራውያን አቆጣጠር ሔሽቫን 29። ወራቸው በጨረቃ ስለሚሄድ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ሦስተኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ይመላለሳል። ድሮ ሕዝቡ ጠዋት ሳይበላ ነጭ ለብሶ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው፣ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። እዚያ ከኦሪቱና ከነህምያ ይነበባል፣ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ይሰግዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ወርደው ይበላሉ ይጨፍራሉ። አምቦበር የሚባለው መንደር በዚህ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ትልቁ በዓል ኢየሩሳሌም ነው፤ የእስራኤል ፓርላማ በ2008 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። ጎንደር ያሉትም፣ ተራቸውን የሚጠብቁት፣ በግቢያቸው ያከብራሉ።

መግባት ይቻላል፣ ግን አስቀድመህ የግቢውን ኃላፊዎች አነጋግር፤ ጥበቃ አለ። ነጠላ ልበስ። በጸሎቱ ሰዓት ፎቶ ለማንሣት ፈቃድ ጠይቅ፤ ቱሪስት ይዘህ ከሄድክ ደግሞ ለእነሱም ንገራቸው። ጾሙ እስኪያበቃ ድረስ ሰው ፊት ውኃም ቢሆን አትጠጣ። ኢየሩሳሌም ከሚወጣው ወጣት የማይጾመው ብዙ ነው፤ የሚመጣው ዘመድ ለማግኘትና ሽማግሌዎቹን ለመሳም ነው። ስለዚህ ስለ እምነትህ የሚጠይቅህ አይመስለኝም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ግን የሚጠይቅህ አታጣም።